መስኮት ሲከፈት የሚቀንስ ሽታ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ከመኪና በወረድኩ ቁጥር ግን አሁንም በሩን ሳልዘጋ ቆሜ አየሩን አሸታለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ታየኝና «ግርማ፣ ሥራውን ለቀሃል እኮ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ሥራውን ብለቀውም ሥራው አልለቀቀኝም። በዴንቨር ከተማ አስተዳደር የሽታ ተቆጣጣሪ እንደነበርኩ የሰማ ሰው ሁሉ ስለ ሥራው ይጠይቀኛል፤ አብዛኛው የሚጠይቀኝ ለመሳቅ ነው። እኔም የሚያስቀውን እነግረውና የማያስቀውን ለራሴ አስቀረዋለሁ። እዚህ ግን ሁለቱንም እጽፋለሁ።

አገር ቤት የተማርኩት የአካባቢ ጤና ነው። ሥጋ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድና መጸዳጃ ቤት ስቆጣጠር ቆይቼ በስደት ኮሎራዶ ገባሁ። እዚህ ዲፕሎማዬን ገልጦ የሚያይልኝ አልነበረም። ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ጫንኩ፤ ኤርፖርት አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ አደረግኩ፤ ጎን ለጎን ኮሌጅ ተማርኩ። በመጨረሻ ከተማው የሬስቶራንት ኢንስፔክተር አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ የሕክምና ኢንሹራንሱ ግን ለቤተሰቤ በቃ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ፍሪጅ እየከፈትኩ ቴርሞሜትር ስሰካ ኖርኩ።

ከዚያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ካናቢስ፣ እኛ ሐሺሽ የምንለውን፣ የሚሸጡ ሱቆች በሕግ ተፈቅደው ተከፈቱ። ሱቁ የሚሸጠው ተክል የሚበቅለው መጋዘን ውስጥ፣ በመብራት ነው። የከተማው የቦታ አጠቃቀም ደንብ እነዚህን እርሻዎች በአብዛኛው ወደ ኢንዱስትሪ ሰፈሮች ሰብስቧቸው ነበር። ከኢንዱስትሪው ሰፈር ጎን ግን ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥም ሰው አለ። ተክሉ አብቦ ሊቆረጥ ሲቃረብ ሽታው ከግድግዳ ያልፋል፤ መጋረጃና ልብስ ላይ ይቀራል። የቢሮአችን ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ጀመር። አለቃችን ኬቨን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «አፍንጫህ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። በዚህ ተመደብኩ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። «ግርማ የሐሺሽ ሥራ ይዟል» ተባለ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻ ጠሩኝና «ልጄ፣ ታጨሳለህ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ አባ፣ እኔ የማሸተው ብቻ ነው» አልኳቸው። ያ መልስ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሉዊዝ የምትባል፣ ጡረታዋ የደረሰ ቀጭን ሴት ነበረች። የዕርድ ድርጅቶችንና የእንስሳት መኖ ፋብሪካዎችን ሽታ ሃያ ምናምን ዓመት ተከታትላለች። ወደ ሥራ በምትወጣበት ቀን ቡና አትጠጣም፤ ሽቶ አትቀባም፤ ማስቲካ እንኳ አታኝክም። አቤቱታ ወደ መጣበት ቦታ ስንሄድ በቀጥታ ወደ ተከሰሰው መጋዘን አትነዳም። በመጀመሪያ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ዞራ ትቆማለች፤ ሽታ የሌለበትን አየር ትስባለች፤ ከዚያ በእግሯ ትቀርባለች። አፍንጫ ይደክማል፤ አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ከቆየ ጭራሹን መስማቱን ያቆማል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው ክንዷን አጥፋ የክርኗን ውስጠኛ ክፍል ታሸታለች። «የራስህ ገላ አፍንጫህን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል» ትለኝ ነበር።

መለኪያችን አፍንጫ ላይ የሚገጠም፣ ጡሩምባ የሚመስል መሣሪያ ነው። በከሰል የተጣራ ንጹሕ አየር ከውጭው አየር ጋር ይቀላቅላል። በወቅቱ በነበረው ደንብ መሠረት ሰባት እጅ ንጹሕ አየር ተቀላቅሎበት እንኳ ሽታው ከተሰማ ጥፋት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጎረቤቱ ራሱን እየታመመም ቢሆን ሕግ አልተጣሰም። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። መሣሪያውን ከአፍንጫዬ አውርጄ ደጃፏ ላይ ለቆመች እናት «ይሸታል፣ ግን ሕጉ ከሚለው አላለፈም» ማለት ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰባት ጎረቤቶች ተባብረው አንድ እርሻ ከሰሱ። እኔ ገና ከመኪና ሳልወርድ ፎርሙ ላይ የእርሻውን ስም ጽፌ ጨርሻለሁ። ሉዊዝ አየችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው።

«አሽትተኸዋል?»

«አላሸተትኩትም፤ ሰባት ሰው ግን…»

«ሰባት ሰው ሽታ ነው የነገረህ። ስሙን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። አንተ መጀመሪያ አሽትት፤ ስም ኋላ ይመጣል።»

ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ተነሥተን መጋዘኑን ዞርን። በመጋዘኑ በር ስንጥቅ ላይ የቀጭን ወረቀት ቁራጭ ያዘች፤ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተሳበ። አየሩ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ሽታው በዚያ በኩል አያመልጥም ማለት ነው። ሽታውን የሚያጣሩት የከሰል ፊልተሮችም አዲስ ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአጥሩ ሥር ሞቶ የበሰበሰ ስካንክ አገኘን። ስካንክ ሲፈራ የሚገማ ነገር የሚረጭ የዚህ አገር ትንሽ አውሬ ነው፤ ሽታው ከካናቢስ ሽታ ጋር ወንድማማች ነው። ያን ቀን ሉዊዝ የነገረችኝን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ሦስት ነገሮች አፍንጫን ያታልላሉ፤ ካናቢስ፣ ስካንክና የቤት ጋዝ።» የቤት ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም። ሲያመልጥ እንዲታወቅ ነው የሚገማ ነገር የሚጨመርበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማው ደንቡን አጠበቀ። እያንዳንዱ እርሻ የሽታ መቆጣጠሪያ ዕቅድ ጽፎ ማቅረብ ግድ ሆነ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአምስት ቤቶች አቤቱታ ከመጣም መሣሪያው ምንም ይበል ምን እርምጃ ይወሰዳል። ሉዊዝ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣች። የዕቅዶቹ ክምር እኔ ላይ ቀረ። ምሳዬን እየበላሁ የፊልተር መቀየሪያ ሠንጠረዥ አነባለሁ፤ ተኝቼ ያላየሁት ፊልተር ይታየኛል። ከቢሮው ሠራተኞች አማርኛ የምናገር እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቁጥሬ በሰው በሰው ተዳርሶ፣ የእኛ ሰው የቢሮውን ስልክ ትቶ በቀጥታ ወደ እኔ ይደውል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ወይዘሮ ዘይነባ የደወሉልኝ በዚያ ዓመት፣ በበረዶው ወራት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። አፓርታማቸው በጎረቤት ከተማ በኦሮራ፣ ከዴንቨር ድንበር ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። የሕንፃውን ኮሪደርና የምድር ቤቱን የልብስ ማጠቢያ፣ ላውንደሪ ክፍል የሚያጸዱትም እሳቸው ነበሩ። ከድንበሩ ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ አንድ የካናቢስ እርሻ አለ። ፊልተሩ ጊዜው አልፎበት ማስጠንቀቂያ የጻፍኩበት እኔው ነኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አቶ ግርማ ነዎት?» አሉኝ። «ቤቴ ይገማል። እንቁላል ይሁን ሐሺሽ እንጃ፤ ራሴን ያዞረኛል። ከታች ከላውንደሪው ይብሳል።»

«የት አካባቢ ነዎት?» ነገሩኝ። ወዲያው እርሻው ትዝ አለኝ። «አውቀዋለሁ፤ ያ መጋዘን ነው። ፊልተሩን እንዲቀይሩ ጽፌባቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይሻሻላል፤ አይስጉ።»

«መስኮት ስከፍት ትንሽ ይቀንስልኛል» አሉኝ።

«እንግዲያውስ ይክፈቱት እንጂ!» አልኳቸው።

ከውጭ የሚመጣ ሽታ መስኮት ሲከፈት ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሚቀንስ ከሆነ ምንጩ ቤት ውስጥ ነው። ይህን የጀማሪ ትምህርት ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው በጆሮዬ ሰምቼ አሳለፍኩት።

በሳምንቱ ደግመው ደወሉ። በዚያው ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ ሕንፃው ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወረድኩ። መንገዱ ላይ ካናቢስ ይሸታል፤ እውነት ነው፣ ይሸታል። ሕንፃው ኦሮራ ስለሆነ የእኔ ሥልጣን እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ ደረጃውን አልወጣሁም፤ ወደ ላውንደሪውም አልወረድኩም። ከመንገድ ሆኜ ደወልኩላቸው። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ አሁን በደጅዎ ቆሜያለሁ። እሱው ነው፤ የእርሻው ነው።»

«ጋዝ እንዳይሆን ብዬ ለጋዝ ድርጅቱ ልደውል አስቤ ነበር።»

«አያስፈልግም» አልኳቸው። «እኔ አሽትቼዋለሁ።»

በሦስተኛው ጊዜ የደወሉት ለማመስገን ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን አይሸተኝም። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ሽታው አልጠፋም ነበር። አፍንጫቸው ነበር የደከመው።

ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት ኬቨን ኮምፒውተሩን እያየ «ከድንበሩ ማዶ አንድ አፓርታማ ውስጥ የጋዝ ቃጠሎ ደርሷል፤ ላውንደሪ ክፍል ውስጥ» አለ። አድራሻውን አላነበበም፤ እኔም እንዲያነበው አላስፈለገኝም። ሽንት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ በማለዳ በጋዝ የሚሠራውን የልብስ ማድረቂያ ሲያስነሡ ነው ክፍሉ በአንድ ጊዜ የነደደው። ከማድረቂያው ጀርባ ያለው የጋዝ ቧንቧ ተበልቶ ኖሯል። ሌላ ሰው አልተጎዳም። የእሳቸው ሁለቱም እጆች እስከ ክርን፣ አንገታቸውና አንድ ጉንጫቸው ተቃጥሏል።

ሆስፒታል ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ተያይተን አናውቅም። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተዘርግቷል። ከበሩ ሆኜ «አላህ ያሽርዎ» አልኩ። ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ድምፅህን አወቅኩት» አሉኝ። በስልክ እርስዎ ይሉኝ ነበር።

«ያ ሽታ» አሉ፣ «የሐሺሹ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

«አንተ ግን አሽትቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬዎታለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይቅርታ አላልኳቸውም። ነርሷ ገብታ እስክታስወጣኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ለኬቨን ሁሉንም ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። በሩን ዘጋና «ስማ ግርማ፣ ሕንፃው የኛ አይደለም። ስልኩ በቢሮው መዝገብ የለም። ማንም ሳይጠይቅህ ራስህን እዚያ ውስጥ አታስገባ» አለኝ። እውነትም የትም አልተመዘገበም ነበር። የሦስቱን ጥሪዎች የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ሐሳብ እየተኛሁ በዚያው ሐሳብ እነቃ ነበር። ስልኬ ሲጮህ የማላውቀው ቁጥር ከሆነ አላነሣም። አልማዝ የሰጠችኝን ምግብ አዙሬ አዙሬ እተወዋለሁ።

በመጨረሻ ሊትልተን ወደሚገኘው ሉዊዝ ቤት ሄድኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማስታወሻ ደብተርህ ላይ ጽፈኸዋል?»

«አልጻፍኩትም።»

«እንግዲያው አሁን ጻፈው። የሰማኸውን፣ የተናገርከውን፣ ሳታደርግ የቀረኸውን። ወደ ኋላ መልሰህ ቀን እንዳታስገባ፤ የዛሬን ቀን ጻፍበት። ዘግይቶ መጻፉም ይታይ።»

የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሆነ። በማግሥቱ ቃጠሎውን ለሚመረምረው የእሳት አደጋ መርማሪ ሰጠሁት፤ ግልባጩን ኬቨን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ለስድስት ወር ከመስክ ሥራ ታገድኩ። ትንሽ ቀለል ያለኝ መሰለኝ። መጥፎው ነገር ገና ሊመጣ እንደነበረ አላወቅኩም።

ወይዘሮ ዘይነባ የሕንፃውን ባለቤት ከሰው ኖሯል። የባለቤቱ ጠበቃ አራቱን ገጽ እንዳገኘ በመሐላ ቃሌን እንድሰጥ ቢሮው ጠራኝ። ክፍሉ ጠባብ ነበር። እሳቸው ከማዶ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ጠባሳውን አጥብቆ የሚይዝ ጓንት አለ። አስተርጓሚዋ እኔ በእንግሊዝኛ የምመልሰውን ሁሉ በአማርኛ ጆሯቸው ሥር ታንሾካሹካለች።

«እርስዎ የከተማው የሽታ ባለሙያ ነዎት?» አለኝ ጠበቃው።

«ነኝ።»

«ከሳሿ ለጋዝ ድርጅቱ ልደውል ሲሉ አያስፈልግም አሉ?»

«አልኩ።»

«እንግዲያው እርስዎ ባይከለክሏቸው ኖሮ ይደውሉ ነበር። ደንበኛዬ ምን አጠፋ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እውነቱን የተናገርኩት ሸክሜን ለማራገፍ ነበር፤ ጠበቃው ደግሞ ያንኑ እውነት አንሥቶ እሳቸውን ሊጥልበት ነው። ወደ ኋላ ልበል? ረሳሁ ልበል? አስተርጓሚዋ መልሴን ትጠብቃለች። ወይዘሮ ዘይነባ ቀጥ ብለው ያዩኛል።

«ደንበኛዎ ምን እንዳጠፉ አላውቅም» አልኩ። «እኔ ያጠፋሁትን ግን አውቃለሁ። እሳቸው መስኮት ሲከፈት ሽታው ይቀንሳል ብለው ነግረውኛል። ይህን የሰማ ባለሙያ ሽታው ከሕንፃው ውስጥ እንደሚወጣ ማወቅ ነበረበት። እሳቸው በትክክል ነው የነገሩኝ። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

የጠበቃው ጥያቄ ሁለት ሰዓት ያህል ቀጠለ። ስንወጣ ወይዘሮ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ አለፉ፤ ሰላም አላሉኝም። እኔም ሰላም ለማለት አልደፈርኩም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። በእኔ ምላስ ክሱን እንዳይሸነፉ እየሰጋሁ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የወይዘሮ ዘይነባ ጠበቃ ከሕንፃው ባለቤት ቢሮ አንድ ወረቀት አገኘ። ማድረቂያውን የሚጠግን ሰው ቃጠሎው ከመድረሱ ከወራት በፊት «ከጀርባ ያለው ቧንቧ ይቀየር» ብሎ ጽፎ ፈርሞ ለባለቤቱ ሰጥቶት ኖሯል። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ነበር የከረመው። ክሱ በስምምነት አለቀ። በምን ያህል እንዳለቀ አልጠየቅኩም። ባለቤቱም ጥፋተኛ ነው፤ የእሱ ጥፋት ግን የእኔን አላጠበልኝም።

ወደ መስክ ስመለስ አፍንጫዬን አላመንኩትም። አንድ ሰፈር ሦስቴ እዞራለሁ፤ ቤት ገብቼ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤ የእኛ ያልሆነ አድራሻ ሲሆን የኦሮራን ተቆጣጣሪዎች በስልክ ይዤ እጠብቃለሁ። ሥራዬ ዘገየ። ኬቨን ግን አልተቆጣም። ስልክ ለሚቀበሉት ልጆች አዲስ የጥያቄ ወረቀት እንዳዘጋጅ ፈቀደልኝ። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ደዋዩን አትጠይቁት፤ በር ሲዘጋና መስኮት ሲከፈት ምን እንደሚሆን ጠይቁት፤ ራሱን ካዞረው ስልኩን ሳትዘጉ ከቤት እንዲወጣ ንገሩትና የጋዝ ድርጅቱን ጥሩ፤ «አሁን አይሸተኝም» ካለ እንደ ተሻለው አትቁጠሩ። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ናት። ስለ እርሻዎቹ ካነበብኳቸው ወፍራም ዕቅዶች ሁሉ በሥራ ዘመኔ ይረባል የምለው ያንን ግማሽ ገጽ ነው።

ጡረታ ስወጣ ቢሮው ኬክ ቆረሰልኝ፤ ሉዊዝም መጥታ ነበር። ተጨበጨበልኝ። እኔ የማስበው ግን ያልተጋበዙትን ሰው ነበር።

ባለፈው ወር፣ ከቀትር በፊት፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሣሁት።

«ግርማ?»

ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት። ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ተነሥቼ ቆምኩ።

«አቤት ወይዘሮ ዘይነባ።»

«ዛሬ ሥራ የለህም አይደል? አቁመሃል ሲሉ ሰማሁ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ና። አዲሱን ቤቴን አታውቀውም፤ አድራሻውን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ለምን እንደፈለጉኝ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩምም። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምላቸው ሳጠና ሄድኩ። ሆስፒታል ሳልለው በቀረሁት ይቅርታ ልጀምር? ወይስ እስኪናገሩ ዝም ልበል? ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ።

«መጣሁ» አሉ ከውስጥ።

ቁልፉ ተንቋቋ። ቆመ። እንደገና ተንቋቋ። ጣቶቻቸው እንደልብ እንደማይታጠፉላቸው ገባኝ። ልርዳዎት ልል ነበር፤ በሩ በመካከላችን እንዳለ ምን እንደምረዳ አላውቅም። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ጊዜ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው፤ ከዚያ እንደገና ሞከሩ።

ቁልፉ ዞረ። በሩ ተከፈተ። ሻሻቸውን በክርናቸው እያስተካከሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አርጅተሃል» አሉኝ። ቀጥለውም መንገዱን ለቀቅ አድርገው «ግባ» አሉኝ።